ሳይከፈት የሚሸጥ ሳጥን

አንድ አረጋዊ ፎቶ አንሺ ያርፋል። ልጆቹ ቤቱን ባዶ ሲያደርጉ ከምድር ቤቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ ቢጫ ሳጥን ያገኛሉ። በክዳኑ ላይ የኮዳክ ስም፣ ከጎኑ ደግሞ ወረቀቱ ከዚህ ቀን በፊት እንዲታጠብ የሚያሳስብ ጽሑፍ ታትሟል፤ ቀኑ ካለፈ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል። ልጆቹ ሐቀኞች ናቸው። ገዢ እንዳይታለል ብለው ሳጥኑን ይከፍታሉ፣ ጥቁሩን መጠቅለያ ይገልጣሉ፣ ወረቀቶቹን በመስኮት ብርሃን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፣ በስልካቸው ፎቶ ያነሷቸዋል፤ ከዚያም «ሙሉ ነው፣ አልተነካም» ብለው በኢቤይ ለጨረታ ያወጡታል። ሃምሳ ዓመት በጨለማ የኖረው ዕቃ ያለቀለት በዚያች የመቁጠሪያ ደቂቃ ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ አሮጌ የፎቶ ወረቀት እየፈለጉ የሚገዙ ሰዎች እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ደጋግመው ያያሉ። ነገሩ ያስቃል፤ ከሳቁ ሥር ግን ቁም ነገር አለ። ገዢ ከመግዛቱ በፊት ውስጡን ሊያውቀው የማይችለው ሸቀጥ በዓለም ላይ ብዙ ነው። ሻጩም ጭምር የማያውቀው፣ ሊያውቀው ሲሞክርም የሚያጠፋው ሸቀጥ ግን ጥቂት ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጥናት (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሮጌ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ አንድ ቀላል ነገር አሳየ። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ሁሉንም መኪና እንደ መካከለኛ ቆጥሮ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ የደህናው መኪና ባለቤት አይሸጥም፤ ገበያው ቀስ በቀስ ለብልሹዎቹ ይቀራል። የአሮጌ ፎቶ ወረቀት ገበያ ከዚህ በአንድ ነጥብ ይለያል፦ የሚያውቅ ወገን የለም። ሟቹ ወረቀቱን የት እንዳስቀመጠው፣ ሳጥኑ ከዚህ በፊት በስህተት ተከፍቶ እንደሆነ፣ ምድር ቤቱ ውኃ ገብቶት እንደሆነ ልጆቹ አያውቁም። ለሁለቱም ወገን በግልጽ የሚታየው መረጃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሳጥኑ ጎን የታተመው ቀን። ስለዚህ ቀኑ ሊሸከመው የማይችለውን ሸክም ይሸከማል። አንዱ ወገን ቀኑን አይቶ ሳጥኑን ወደ ቆሻሻ ይጥላል፤ ሌላው ወገን ያንኑ ቀን አይቶ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ዋጋውን ያንራል። ሁለቱም ቀኑ የማይናገረውን ነገር እየሰሙ ነው።

ቀኑ ምን እንደሚናገር ለመረዳት በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ማለት የብር ማዕድን ጨዎች፣ በተለይም የብር ብሮማይድና የብር ክሎራይድ ቅንጣቶች፣ በጄላቲን ተይዘው በስሱ የተቀቡበት ወረቀት ነው። ብርሃን የነካው ቅንጣት ዴቨሎፐር ውስጥ ሲገባ ወደ ጥቁር ብር ይለወጣል፤ ያልነካው እንዳለ ይቆይና ፊክሰሩ አሟሙቶ ያወጣዋል። ችግሩ ቅንጣቶቹ ለዘለዓለም የሚታገሡ አለመሆናቸው ነው። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ከቀለምና ከማጽጃ ኬሚካል የሚወጣ ትነት፣ ረጅም ዕድሜም ራሱ፣ ብርሃን ያልነካውን ቅንጣት እንደተነካ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲታጠብ ነጭ መሆን የሚገባው የሰማዩ ወይም የነጠላው ቦታ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። በሙያው ጭጋግ የሚባለው ይህ ነው። ከጭጋጉ ጋር ሁለት ሌሎች ነገሮች አብረው ይመጣሉ፦ ወረቀቱ ለብርሃን ያለው ስሜት ይደክማል፣ በጥቁሩና በነጩ መካከል ያለው ልዩነትም ይጠባል።

እርጅናው ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም። ከኔጋቲቩ ጋር ፊት ለፊት ተጣብቀው ለሚታተሙ ሥራዎች የተሠሩት ቀርፋፋዎቹ የክሎራይድ ወረቀቶች፣ እንደ ኮዳክ አዞ ያሉት፣ በትዕግሥታቸው የታወቁ ናቸው። በማጉያ ለመሥራት የተዘጋጁት ፈጣን የብሮማይድ ወረቀቶች ቶሎ ይጨግጋሉ። የጥቁርና ነጩ ልዩነት በማጣሪያ ቀለም የሚስተካከልባቸው ኋለኞቹ ወረቀቶች ደግሞ የተቀቡት ስሜት ሰጪ ቀለም ሲዳከም ማጣሪያውን መታዘዝ ይተዋሉ። ዴቨሎፐሩ ከራሳቸው ቅብ ጋር የተቀላቀለባቸው፣ በፕላስቲክ የተለበጡት ወረቀቶች ከሁሉም ቀድመው ይበላሻሉ። በዚህ ላይ የቦታው ጉዳይ አለ። በቀዝቃዛና ደረቅ ምድር ቤት የኖረ የ1950ዎቹ ሳጥን በጣሪያ ሥር ሙቀት የተቀቀለ የ1990ዎቹን ሳጥን ሊያስከነዳ ይችላል። በአንዱ ሳጥን ውስጥ እንኳ ልዩነት አለ፤ አየር የሚገባው ከዳር ነውና የወረቀቱ ጠርዝ ከመሐሉ ቀድሞ ይጠቁራል።

ይህ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ በታተመ ቀን ሊጠቃለል አይችልም፤ አምራቹም ይህን ያውቀዋል። ፋብሪካው ቀኑን የሚወስነው ሳጥኑ ከመጋዘኑ ከወጣ በኋላ የሚደርስበትን ሳያውቅ ነው። ቀኑን አርዝሞ ወረቀቱ ቢበላሽ ስሙ ይጎድፋል፤ ቀኑን አሳጥሮ ደህና ወረቀት ቢጣል የሚከስረው ሌላ ሰው ነው፤ እንዲያውም አዲስ ሳጥን ይሸጥለታል። ወጪው በአንድ ወገን ብቻ ሲወድቅ ውሳኔው ወደ ጥንቃቄ ማጋደሉ አያስደንቅም፤ ተንኮልም አያስፈልገውም። የአዲስ አበባ ሸማች ስለ ዱቄት ወተት ወይም ስለ መድኃኒት «ኤክስፓየር አድርጓል» ሲል ዕቃው ራሱ በዚያ ቀን አንድ ድርጊት የፈጸመ ያስመስለዋል። በእርግጥ ግን በዚያ ቀን በዕቃው ላይ የሚሆን ነገር የለም። የሚያበቃው የአምራቹ ቃል ኪዳን ነው። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ለሥራ የሚያበቃው ወይም የሚያስጥለው የተጠቃሚው ዕውቀት ይሆናል።

የፎቶ ወረቀት በዚህ ረገድ ልዩ ዕድል አለው፤ ለመመርመር እጅግ ርካሽ ነውና። በቀይ መብራት ሥር ከአንድ ወረቀት ሁለት ቁራጭ ይቆረጣል። አንዱ ለማጉያው ብርሃን ሳይጋለጥ በቀጥታ ፊክሰር ውስጥ ይገባል፤ ይህ ወረቀቱ ሊሰጥ የሚችለው ንጹሕ ነጭ ነው። ሁለተኛውም ብርሃን ሳይነካው መጀመሪያ በዴቨሎፐር፣ ቀጥሎ በፊክሰር ያልፋል። ከዚያ ሁለቱ በብርሃን ጎን ለጎን ይታያሉ። ልዩነት ከሌለ ወረቀቱ ጤነኛ ነው፤ ሁለተኛው ግራጫ ከሆነ የግራጫው መጠን የበሽታው መጠን ነው። ወጪው አንድ ቅጠል ወረቀትና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። መቶ ቅጠል ለያዘ ሳጥን አንድ ከመቶ መክፈል ማለት ነው፤ በየትኛውም የምርት ቁጥጥር ሥራ ከዚህ የረከሰ ምርመራ ማግኘት ይቸግራል።

በሽታው ሲታወቅ ሕክምናው ይከተላል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚውሉ ሰዎች ትልቁ ደስታቸው እዚህ ላይ ነው። ለቀላል ጭጋግ ጥቂት ቤንዞትራያዞል ወይም ፖታሲየም ብሮማይድ በዴቨሎፐሩ ላይ ይጨመራል፤ እነዚህ ያልተጋለጡትን ቅንጣቶች ያዝ ስለሚያደርጉ ነጩ ይጸዳል፤ ወረቀቱ ግን ይበልጥ ይዘገያልና የብርሃኑ ጊዜ ይረዝማል። ምስሉ ከታጠበ በኋላም በፖታሲየም ፌሪሲያናይድና በሃይፖ ውሕድ ቀላል ግራጫውን ማንሣት ይቻላል፤ ሃዋርድ ፋርመር ይህን ቅመም ካስተዋወቀ ከ1883 ጀምሮ ስሙ ሳይለወጥ የፋርመር ማሳሻ ይባላል። ሊት የሚባለው ዘዴ ደግሞ አለ፦ ወረቀቱን ከልክ በላይ አጋልጦ፣ እጅግ በቀጠነ የሃይድሮኪኖን ዴቨሎፐር ውስጥ አቆይቶ፣ ጥቁሩ በድንገት መስፋፋት ሲጀምር መንጠቅ። ለዚህ ዘዴ ብዙዎቹ የዛሬ ወረቀቶች አይመቹም፤ ብዙ አሮጌዎች ግን ከአዲስነታቸው ጊዜ ይልቅ የሚያምሩት በዚህ ነው፤ ሞቅ ያለ ቡናማና ሮዝ ቃና ይሰጣሉ። ጭጋጉ ከዚህ ሁሉ በላይ ከሆነስ? ያን ጊዜ ወረቀቱ ለምስል ማተሚያነት አበቃ ማለት ነው። አሜሪካዊቷ አርቲስት አሊሰን ሮሲተር ሥራዋን የጀመረችው ግን ልክ እዚህ ጋ ነው። ከ2007 ጀምሮ የአገልግሎት ዘመናቸው ያለፈ ወረቀቶችን፣ አንዳንዶቹ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸውን፣ እየሰበሰበች ያለ ካሜራና ያለ ኔጋቲቭ ታጥባቸዋለች። እርጥበት፣ ሻጋታ፣ የማያውቁት ሰው የጣት አሻራ፣ ከዳር የገባ ብርሃን በወረቀቱ ላይ የጻፉት ነገር ተራራና አድማስ መስሎ ይወጣል። በሥራዎቿ ርእስ ላይ የወረቀቱን ዓይነትና ያለፈበትን ቀን ትጽፋለች። ያ የአምራቹ ቀን በሷ እጅ የሥዕሉ ግማሽ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ይመስላል፤ ቀኑን ናቀው፣ ፈትን፣ ተጠቀም የሚል። ይህን ትምህርት ከፎቶ ወረቀት አንሥቶ ወደ ሌላ ዕቃ ሁሉ ማዞር የሚያጓጓ ነው፤ በተለይ ከውጭ ወደ አገር ቤት ዕቃ መላክ ለለመደ ሰው። ነገሩ ግን እዚያ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይፈልጋል።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለወታደሩ ያከማቸው መድኃኒት ቀኑ ባለፈ ቁጥር ሲጣል የሚደርሰው ኪሣራ ስላሳሰበው በ1986 ከምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ጋር የማራዘሚያ ፕሮግራም ጀመረ። በ2006 የታተመው የፕሮግራሙ ጥናት 122 ዓይነት መድኃኒቶችን የሚመለከት ሲሆን፣ ከተመረመሩት የምርት ሎቶች 88 ከመቶዎቹ ከታተመው ቀን ቢያንስ አንድ ዓመት በላይ ሊራዘሙ መቻላቸውን፣ አማካይ ማራዘሚያውም 66 ወር መሆኑን አሳየ። እንግዲህ በመድኃኒት ላይም ቀኑ የሚናገረው ስለ አምራቹ ዋስትና ነው ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ቀኑ ያለፈ መድኃኒት ወደ ድሃ አገር ይላክ የሚል ሰው ግን የቀረውን ታሪክ አላነበበም። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ፣ የመጀመሪያው እትሙ በ1996 የወጣው፣ የሚለገስ መድኃኒት ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የሚቀረው እንዲሆን የሚጠይቀው በምክንያት ነው። መመሪያው ከጠቀሳቸው ምሳሌዎች አንዱ ከቅርብ ነው፦ በኤርትራ፣ በነፃነቱ ጦርነት ዘመን፣ ከተላከው እርዳታ መካከል ቀኑ ያለፈ ሰባት የጭነት መኪና አስፒሪን ነበር፤ አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ፈጀ።

ሁለቱ ታሪኮች አይጋጩም። በአሜሪካው ፕሮግራም ውስጥ መርማሪው ላቦራቶሪ አለው፤ ዕቃው የት እንደተቀመጠ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቃል፤ ቢሳሳት ተጠያቂው ራሱ ነው። በአስፒሪኑ ታሪክ ውስጥ ላኪው የሚጥለውን ነገር ላከ፣ ተቀባዩ የሚመረምርበት መሣሪያ አልነበረውም፣ የማቃጠሉ ወጪም በተቀባዩ ላይ ወደቀ። ስለዚህ የታተመ ቀን መቼ ሊታለፍ እንደሚችል ሲጠየቅ ስለ ዕቃው ዕድሜ ከመነጋገር በፊት ማን ሊመረምር እንደሚችልና የስህተቱን ዕዳ ማን እንደሚከፍል መጠየቅ ይቀድማል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ወረቀቱን የፈተነው ሰው፣ ቢሳሳት የሚበላሸው የራሱ ሥራ ነው። አሮጌ ወረቀት መጠቀም ንጹሕ ጨዋታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ያው ሰው አሮጌ ሳጥኖቹን ሰብስቦ ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የፎቶግራፊ ክበብ «ልገሳ» ብሎ ቢልካቸው፣ ቤንዞትራያዞል ከማይሸጥበትና የምርመራውን ዘዴ የሚያሳይ ሰው ከሌለበት ቦታ፣ ታሪኩ ወደ አስፒሪኑ ይጠጋል።

አንድ ትንሽ ነገር እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ሞቅ ባለ ቃናቸው የሚወደዱ አንዳንድ የድሮ ወረቀቶች ያን ቃና ያገኙት በከፊል ከካድሚየም ነበር፤ ካድሚየሙ መርዛማ በመሆኑ ከጊዜ በኋላ ከቅመሙ ወጣ። ዛሬ በአሮጌ ሳጥን ላይ «እንዲህ ያለ ውበት አይሠራም» ብሎ የሚያደንቅ ሰው ያደነቀው ነገር በከፊል የተከለከለው ነገር ነው፤ የታጠበበትን ፈሳሽ ወደ ቤት ቧንቧ ሲደፋው ዕዳውን ወደ ሌላ ሰው እያዞረ መሆኑን ልብ አይልም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። አሮጌው ወረቀት ከየት ይመጣል? መልሱ ከክምችት የሚል ነው፤ ክምችት ደግሞ ምንጭ አይደለም። በገበያ ላይ ከሚዞሩት ሳጥኖች ብዙዎቹ ከተዘጉ ፋብሪካዎች የቀሩ ናቸው፤ የተዘጉበትም ዘመን ቅርብ ነው። የአግፋ የፎቶ ቅርንጫፍ በ2005 ኪሣራውን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ኮዳክ የጥቁርና ነጭ ወረቀት ማምረት እንደሚያቆም ይፋ አደረገ፤ ራሱ ድርጅቱም በጥር 2012 ከአበዳሪዎቹ የሚከለልበትን የኪሣራ ሕግ ተጠግቷል። በሃንጋሪ ቫች ከተማ ከ1922 ጀምሮ የኖረው ፎርቴ በ2007 ተዘጋ። የክሮኤሺያው ፎቶኬሚካ በ2012 ማምረቱን አቆመ። በእንግሊዝ ሞበርሊ ያለው የኢልፎርድ ፋብሪካ በ2004 ለዕዳ ጠባቂዎች ተላልፎ ሊጠፋ ሲል የራሱ ሥራ አስኪያጆች ገዝተው ሃርማን ቴክኖሎጂ በሚል ስም አተረፉት። በቼክ ሪፐብሊክ ህራዴትስ ክራሎቬ ከተማ ከ1921 ጀምሮ የሚሠራው ፎማም አለ። የጥቁርና ነጭ ወረቀትን ነገር ዛሬ በዋናነት የተሸከሙት እንዲህ ያሉ በጣት የሚቆጠሩ ቤቶች ናቸው።

የዚህ ኢንዱስትሪ ጠባይ ለመጥበብ አይመችም። መቀቢያ ማሽኑ በግዙፍነት የተሠራው ለድሮው ዓለም ነው፤ አንዴ ሲነሣ እጅግ ብዙ ወረቀት ይቀባል፤ ገበያው ግማሽ ሲሆን ማሽኑ ግማሽ አይሆንም። ቋሚው ወጪ በጥቂት ሳጥኖች ላይ ሲካፈል ዋጋው ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ ገዢው ወደ አሮጌው ሳጥን ይሸሻል፤ ሲሸሽ ቋሚው ወጪ በባሰ ጥቂት ሳጥን ላይ ይካፈላል። ፋብሪካው የቆመ ቀን ምን እንደሚጠፋ ደግሞ ከፖላሮይድ ታይቷል። ፖላሮይድ በ2008 ቅጽበታዊ ፊልሙን ማምረት ሲተው፣ የቀድሞ ሠራተኞች ያሉበት አንድ ቡድን በኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ ከተማ የነበረውን የመጨረሻ ፋብሪካ መሣሪያዎች ገዛ። መሣሪያው ተገኘ፣ የሚያንቀሳቅሱት ሰዎችም ተገኙ፤ ከኬሚካሎቹ ብዙዎቹን የሚሠራ ግን አልነበረም። በ2010 ለገበያ የቀረበው ፊልም ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ የተፈለሰፈ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖችም ጠባያቸው የማይገመት ሆኖ ብዙ ገዢ አማረረ። አንድ ሰንሰለት ለሁለት ዓመት ሲበጠስ ለመቀጠል ዓመታት ፈጀ።

አሮጌ ወረቀት ወዳጆች ለዚህ የሚሰጡት መልስ አላቸው፤ መልሱም ክብደት አለው። ጀማሪ በአዲስ ወረቀት ዋጋ ስህተት መሥራት አይችልም ይላሉ፤ ስህተት ያልሠራ ደግሞ አይማርም። በርካሽ አሮጌ ሳጥን የጀመረው ተማሪ ዴቨሎፐር ይገዛል፣ ፊክሰር ይገዛል፣ ፊልም ይገዛል፤ ማጉያ ያስጠግናል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ አሮጌው ወረቀት ለአዲሱ ወረቀት ተፎካካሪ፣ ለቀረው ነገር ሁሉ ግን ደጋፊ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ለጀማሪው። ለአሥር ዓመት የሠራው፣ ማቀዝቀዣው በአሮጌ ሳጥን የተሞላው፣ አዲስ ወረቀት መቼ እንደገዛ የማያስታውሰው ሰው ግን በዚህ መከራከሪያ ሊጠለል አይችልም። እሱ በሚያውቀው ዕውቀት የሚበላው፣ ሌሎች ገዢዎች በአዲስ ወረቀት ዋጋ የሚያቆሙትን ዓለም ነው። ለሕክምናው የሚያስፈልገው ቤንዞትራያዞል፣ ዴቨሎፐሩ፣ የቀዩ መብራት አምፖል ሳይቀር ገበያ ላይ የሚቆዩት አዲስ ወረቀት የሚገዛ ሰው እስካለ ነው። ወረቀቱ በፍሪጅ ሃምሳ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ዴቨሎፐር ሠሪው ኩባንያ አይቆይም።

ስለዚህ ሥራው ሊለይ ይገባል። ለመማር፣ ለሙከራ፣ አዲሱ ወረቀት ለማይሰጠው የሊት ቃና አሮጌው ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ሳይሠራበት መጣሉ ብክነት ነው። ሁለተኛ ዕድል ለሌለው ሥራና በርከት ብሎ አንድ ዓይነት ሆኖ መውጣት ላለበት ሥራ ግን አዲስ ወረቀት መግዛት ከቅንጦት አይቆጠርም።

የሁለተኛው ሥራ ምሳሌ በብዙ የኢትዮጵያውያን ቤት አለ። ከቦያጂያን ቤተሰብ ፎቶ አንሺዎች ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባና የክፍለ ሀገር ፎቶ ቤቶች ያተሙባቸው ወረቀቶች ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ፤ አገሪቱ የፎቶ ወረቀት ፋብሪካ ኖሯት አያውቅም። ሳጥኑ በመርከብ ተጭኖ፣ የወደቡን ሙቀት ችሎ፣ ወደ ደጋው ወጥቶ ነው ከባለ ፎቶ ቤቱ እጅ የሚገባው፤ በጎኑ የታተመው ቀን ግን በሮቸስተርም በአዲስ አበባም አንድ ነው። ዛሬ በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት ወይም በስቶክሆልም የእናት የሠርግ ፎቶ ከአልበም ወጥቶ ጠርዙ ግራጫ፣ ነጠላው አመድማ ሆኖ ሲታይ ሁሉም «ጊዜ አደበዘዘው» ይላል። አንዳንዱ በእርግጥ በአልበም ውስጥ የደበዘዘ ነው፤ አንዳንዱ ግን በታተመበት ቀንም እንዲያ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ከጭጋጋም ወረቀት ላይ የታተመ ነጭ መጀመሪያውኑ ነጭ አይሆንም።  ኔጋቲቩ በሻንጣ ሥር፣ በፖስታ ተጠቅልሎ ያለ ቤተሰብ ካለ ከወረቀቱ ይልቅ እሱ ይቅደም፤ ሲታተምም ባልተጠረጠረ ወረቀት ይታተም። የዚያች ሙሽራ ነጠላ እንዲነጣ ከተፈለገ የሊት ውበት ይቆይ።

ሳጥን ላገኙት ልጆች ደግሞ ከማዘን የሚሻል ምክር አለ። ሳጥኑ አይከፈት። በምትኩ የሚታወቀው ይጻፍ፦ ከየት ክፍል እንደተገኘ፣ ያ ክፍል በበጋ ይሞቅ እንደሆነ፣ ግድግዳው እርጥበት ያለበት እንደሆነ፣ ማኅተሙ ተቆርጦ እንደሆነ ወይም እንዳልተቆረጠ፣ ሟቹ ለመጨረሻ ጊዜ በጨለማ ክፍሉ የሠሩት በየትኛው ዓመት እንደሆነ። በከተማው የጨለማ ክፍል ያለው ኮሌጅ ወይም የፎቶ ማኅበር ካለ ሳጥኑ ሳይከፈት ይወሰድለት፤ አንድ ቅጠል በቀይ መብራት ሥር ይቆረጥ፤ ሁለቱ ቁራጮች ታጥበው ሲደርቁ በማስታወቂያው ላይ የሚለጠፈው ፎቶ የእነሱ ይሁን። ገዢው ዋጋ የሚሰጠው ያንን አይቶ ነው፤ የቀረው ዘጠና ዘጠኝ ቅጠልም በጨለማው ይቆያል።